የገበሬው ቅሬታ የፓርላማ ጥያቄ እንዲሆን፦ በግብርና ሕጎችና ፖሊሲዎች ላይ አስተያየት አሰጣጥ ደረጃ በደረጃ

አጎቴ ያን ቀን ከወረዳው አዳራሽ ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ ተነስቶ፣ ማይክ ተቀብሎ፣ ሆዱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ተናግሯል። ማዳበሪያው የመጣው በቆሎው ከተዘራ በኋላ መሆኑን፣ ሦስት ቀን ከማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ተሰልፎ ባዶ አህያ እየነዳ መመለሱን፣ በመጨረሻም ከነጋዴ በእጥፍ ዋጋ መግዛቱን። ሰው አጨበጨበለት። መድረክ መሪው "በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እንወስደዋለን" አለ።

ከወራት በኋላ የዚያን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የማየት ዕድል ገጠመኝ። የአጎቴን ንግግር ፈለግኩ። ያገኘሁት አንድ መስመር ነው፦ "ተሳታፊዎች የግብዓት አቅርቦት ቢሻሻል የሚል አስተያየት ሰጥተዋል።" በቃ። ሦስቱ ቀን የለም። አህያዋ የለችም። እጥፍ ዋጋው የለም። ይህን መስመር ያነበበ የምክር ቤት አባል ሚኒስትሩን ምን ብሎ ይጠይቃል? "አቅርቦቱን ለማሻሻል ምን እየሠራችሁ ነው?" ከማለት ሌላ ምን አለው? መልሱም የታወቀ ነው፦ "በትኩረት እየሠራን ነው።"

ይህን የምጽፈው ያቺ መስመር ስለቆጨችኝ ነው። አዳራሽ ውስጥ የተነገረ ነገር በራሱ እግር ፓርላማ አይደርስም። የሚደርሰው ቀን፣ ቦታና ቁጥር ይዞ በወረቀት ሲሄድ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለገበሬ ልጆች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አመራሮች፣ ለቀበሌ ልማት ሠራተኞች፣ ወላጆቻቸው ገጠር ሆነው እነሱ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ለሚኖሩ ሁሉ ብዬ ነው ያዘጋጀሁት።

መጀመሪያ መንገዱን እወቁት

መብቱ የማንም ችሮታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43(2) ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። አንቀጽ 89(6) ደግሞ መንግሥት የልማት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲያወጣ ሕዝቡን እንዲያሳትፍ ግዴታ ይጥልበታል። በሌላ በኩል አንቀጽ 55(17) አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር መመርመር እንደሚችል ይናገራል። እናንተ የመናገር መብት አላችሁ፣ እነሱ የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው። ችግሩ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

አንድ የግብርና ረቂቅ አዋጅ ብዙውን ጊዜ ከሚኒስቴሩ ይነሳል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አይቶት ወደ ፓርላማ ይልከዋል። ፓርላማው በመጀመሪያ ንባብ ተመልክቶ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል። ኮሚቴው አርቃቂዎቹን በአስረጂነት ጠርቶ ያነጋግራል፣ ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ያዘጋጃል፣ ከዚያ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል። ድምፅ ሲሰጥ በቴሌቪዥን የምታዩት የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ነው። ቃላት የሚቀየሩት፣ አንቀጽ የሚወጣውና የሚገባው ኮሚቴው ጋ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

1. ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ይህን ሳይለዩ ብዙ ሰዎች ዓመት ሙሉ የተሳሳተ በር ያንኳኳሉ። የገጠር መሬትን ብንወስድ፣ የአጠቃቀሙን ማዕቀፍ የሚያወጣው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። ለዚህ ነው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ብቻውን የማይበቃው። ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ የአማራ ክልልን 252/2009 መጥቀስ ይቻላል። የወል ግጦሽ መሬታችሁ ለባለሀብት ተሰጠ እንበል። ጥያቄው ለክልል ምክር ቤት ነው ወይስ ለፌዴራል? ብዙ ጊዜ ለክልል ነው። የማዳበሪያ ግዥ ዘገየ ከሆነ ደግሞ ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ማዳበሪያው አገር ገብቶ፣ ወረዳ ደርሶ፣ ከመጋዘን አልወጣ ካለ ግን ችግሩ እዚያው ወረዳና ዩኒየን (የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ኅብረት) ጋ ነው።

የሚያዋጣው ቅሬታውን ቆርጦ መከፋፈል ነው። ወደብ ላይ የቆየው ስንት ቀን ነው፣ ዩኒየን መጋዘን የቆየው ስንት ቀን ነው፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀ? ሁሉንም ባታውቁ የምታውቁትን ጻፉ።

2. ረቂቁን በጊዜ እጃችሁ አስገቡ

ምክር ቤቱ የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው። መሀል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ሰኔ ላይ ገበሬው ቀና ማለት አይችልም፣ ፓርላማውም የቀረውን ለመጨረስ ይጣደፋል፣ በጀትም የሚጸድቀው ያኔ ነው። ሰኔና ሰኞ የሚባለው ይኸው ነው። ሥራችሁን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ጨርሱ።

ረቂቁን የት ታገኛላችሁ? የምክር ቤቱና የሚኒስቴሩ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች ላይ የውይይት ጥሪ ሲወጣ ተከታተሉ። ጥሪው ወጥቶ ሰነዱ ካልተያያዘ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ደውሉ ወይም ሂዱ። ጸሐፊዋን በትህትና ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ሰነድ የሚገኘው ከሰው ነው። ካልሆነ የመረጃ ነፃነት ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጠየቀውን መረጃ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል። እምቢ ካሉ አቤቱታው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የጠየቃችሁበት ወረቀት ራሱ በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ከረቂቁ ጋር የሚመጣውን ማብራሪያም አትተዉት። አንቀጹ ለምን እንደተጻፈ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሕጉ ሊፈታ ያሰበው ችግር እናንተ ቀበሌ ውስጥ ካለው ችግር ጋር ካልተገናኘ፣ ከማብራሪያው ላይ ጠቅሳችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

3. ሁሉንም አታንሱ፤ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ ምረጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ረቂቅ ሕግ ስታነቡ ሦስት አባባሎችን በብዕር አስምሩባቸው። አንደኛው "ይችላል" የሚለው ነው። "ጽሕፈት ቤቱ ማኅበረሰቡን ሊያወያይ ይችላል" ማለትና "ማወያየት አለበት" ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ባይደረግ ማንም አይጠየቅም። በሁለተኛው ግን የምክር ቤት አባሉ "አወያይታችኋል? ቃለ ጉባኤው የት አለ?" ማለት ይችላል።

ሁለተኛው "የሚመለከተው አካል" ነው። ማነው እሱ? የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ነው? ወረዳው ነው? ቢሮው ነው? ስሙ ያልተጠራ አካል ነገ "እኔን አይመለከተኝም" ይላል። ወረቀታችሁ ላይ "የሚመለከተው አካል የሚለው ወጥቶ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ተብሎ ይተካ" ብላችሁ ጻፉ።

ሦስተኛውና ዋናው "ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል" የሚለው ነው። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ማንም ሳያየው ያልፋል። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። ለገበሬው ወሳኝ የሆነውን ነገር ፓርላማው ሳያይ ሚኒስቴሩ ብቻውን ይወስነዋል ማለት ነው። የካሳ ስሌቱ፣ የዓመቱ ብዛት፣ የሄክታሩ ጣሪያ በመመሪያ ይወሰናል ከተባለ የሕዝብ ተወካዮቹ የሚያጸድቁት ልብስ መስቀያውን ነው፤ ልብሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ "ይህ ጉዳይ አዋጁ ውስጥ ይጻፍ" ብሎ መጠየቅ ከሁሉም አስተያየት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አዋጅ 1324/2016ን ለልምምድ ውሰዱት። ገበሬው የመሬት የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር እንዲችል በር ከፍቷል። ጥሩ ነው፤ ብዙ ወጣት ገበሬ መነሻ ካፒታል አጥቶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ግን በእንዲህ ዓይነት አንቀጽ ላይ መነሳት ያለበት ጥያቄ ምንድነው? ዝናብ ቀርቶ ሰውዬው መክፈል ቢያቅተው መሬቱን ሌላ ሰው የሚያርሰው ለስንት ዓመት ነው? በነዚያ ዓመታት ቤተሰቡ ከየት ይበላል? ባል ብቻውን ሄዶ ፈርሞ ሚስት ሳታውቅ ሊያሲዝ ይችላል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከሃያ ገጽ "ረቂቁ ብዙ ክፍተት አለበት" ይሻላሉ።

4. ሰው ሰብስቡ፤ ግን በሚመቸው ቀንና ቦታ

ለስብሰባ ተብሎ ሰው አትጥሩ። ሰው የሚገኝበት ሂዱ። በጎጃምና በብዙ የሰሜን ገጠር በሚካኤል፣ በማርያም፣ በበዓለ ወልድ ቀን ሞፈር አይነሳም። ከቅዳሴ በኋላ ወይም የጽዋ ማኅበር ላይ ግማሽ ሰዓት ለምኑ። ሙስሊም በሚበዛበት ከጁምዓ በኋላ ነው። ገበያ ቀን ደግሞ ሰው ይገኛል፣ ልቡ ግን ዋጋ ላይ ነው።

ረቂቁን አታንብቡላቸው። በአማርኛም ቢጻፍ የሕግ አማርኛ ለብቻው ነው። ይልቅ ታሪክ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ "አንድ ሰው መሬቱን አስይዞ ተበደረ። ዝናብ ቀረ። ከዚያስ?" ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የምትፈልጉት ነገር ከዚያ በኋላ በሚነሳው ክርክር ውስጥ አለ።

ሴቶችን ለብቻ አነጋግሩ። አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የሚያደርጉት እማወራዎች ቡና ላይ ሲቀመጡ ከሁሉም በላይ ያውቃሉ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ ላይ የሚስትም ፎቶ ከባሏ ጎን አለ። መሬቱ የእሷም ነው። መሬቱን ለእኩል ሰጥታ የምታሳርስ መበለት ስለ መሬት ኪራይ የምትነግራችሁን ቢሮ ውስጥ ማንም አይነግራችሁም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ እቤት ስትደውሉ ጤና ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ አንቀጽ በድምፅ መልእክት አንብባችሁ ላኩላቸው። "አባዬ፣ እንዲህ የሚል ሕግ ሊወጣ ነው፤ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?" በሉ። የሚመልሱትን መዝግባችሁ ያዙት።

5. ማስረጃ ያዙ፤ ቢቻል የመንግሥትን የራሱን ቁጥር

አጎቴ አሁን ደብተር ይዟል። የልጁ የሒሳብ ደብተር ነው፣ ጀርባው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ አለው። ቀን ይጽፋል፣ የጠየቀውንና የተሰጠውን ይጽፋል፣ ደረሰኙን ገጹ ላይ በክር ሰፍቶ ያያይዛል። ዳፕና ዩሪያ የሚባሉትን ሁለት የማዳበሪያ ዓይነቶች ለየብቻ ነው የሚጽፈው። ይህ ለምን አስፈለገ? ዳፕ ከዘር ጋር ነው የሚገባው፤ ዩሪያ ግን አብዛኛው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ነው የሚጨመረው። "ማዳበሪያ ዘገየ" ብላችሁ ብትጽፉ ባለሥልጣኑ ዩሪያ የደረሰበትን ቀን ጠቅሶ "በወቅቱ ደርሷል" ማለት ይችላል። "ዳፕ የደረሰን ከዘራን ከይህን ያህል ቀን በኋላ ነው" ካላችሁ ግን መውጫ የለውም።

መለኪያውንም አስተካክሉ። እኛ በቃዳ ወይም በጥማድ እናወራለን፣ ሕጉ የሚያወራው በሄክታር ነው። በብዙ ቦታ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ ሲነበብ ጥርጣሬ አይኑር።

አሁን ደግሞ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላሳያችሁ። ዌልስ በብሪታንያ ውስጥ ያለች፣ የራሷ ፓርላማ ያላት፣ በግ አርቢ የበዛባት ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 መንግሥቷ አዲስ የግብርና ድጎማ ዕቅድ ለሕዝብ ምክክር አወጣ። ድጎማ የሚፈልግ ገበሬ ከመሬቱ 10 በመቶውን በዛፍ እንዲሸፍን፣ ሌላ 10 በመቶ ደግሞ ለዱር እንስሳትና ዕፅዋት እንዲተው ይጠይቃል። ገበሬዎቹ ተቆጡ። መቆጣት ግን የትም አለ። እነሱ ያደረጉት ሌላ ነው። መንግሥት ራሱ ያስጠናው ጥናት ነበር፤ ዕቅዱ እንዳለ ቢተገበር እስከ 5,500 የሚሆን የእርሻ ሥራ ሊጠፋ እንደሚችል የሚያሳይ። ገበሬዎቹ ያቺን ቁጥር አነሱ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 2024 ፓርላማው ደጃፍ ደረጃዎች ላይ 5,500 ጥንድ የእርሻ ቦቲ ጫማ ደረደሩ። ሰው የሌለበት ጫማ ብቻ። በዚያው ሳምንት ምክክሩ ሲዘጋ ከ12,000 በላይ ምላሽ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ መንግሥቱ "ይህ ቁጥር የተጋነነ ነው" ለማለት አፍ የለውም። ቁጥሩ የእሱ ነው። ግንቦት ላይ ዕቅዱ ከ2025 ወደ 2026 ተገፋ። ኅዳር 2024 ላይ ደግሞ እያንዳንዱ እርሻ 10 በመቶ ዛፍ ይኑረው የሚለው ግዴታ ቀረ። ሰልፉ ብቻውን ይህን አላደረገም። ጽሑፉም ብቻውን አላደረገም። አብረው ነው የሠሩት፣ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥያቄም ተጨምሮበት።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው። ከሚኒስቴሩ ዓመታዊ ዕቅድ፣ ከስድስት ወር አፈጻጸም ሪፖርት፣ ከዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት ቁጥር አውጡ። "ሪፖርቱ ለወረዳችን ይህን ያህል ኩንታል ቀርቧል ይላል፤ የማኅበራችን መዝገብ ግን ይህን ያህል ነው" ከሚለው የበለጠ ኮሚቴን የሚቀሰቅስ ነገር የለም። የአገር ቃል ኪዳንም ይጠቅማል። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ማፑቶ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ በጀት ለግብርና እንመድባለን ብለው ተስማምተዋል። በጀት ሲቀርብ ይህን አንስታችሁ "ዘንድሮ ስንት በመቶ ደረሰ?" ብላችሁ ተወካያችሁን አስጠይቁ።

ምክክር ሲዘለል ምን እንደሚመጣ ማየት የሚፈልግ ሕንድን ይመልከት። ሦስት የግብርና ሕጎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 በአስቸኳይ ድንጋጌ ወጡ። ከዚያ ወደ ፓርላማ ኮሚቴ ሳይመሩ በመስከረም ጸደቁ። ገበሬው ዴልሂ መግቢያ ላይ ድንኳን ተክሎ ዓመት ከረመ። ኅዳር 2021 ሕጎቹ እንደሚሻሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ወጥተው ተናገሩ። ኮሚቴ ውስጥ በጥቂት ወራት ሊጠየቅ የሚችል ነገር መንገድ ላይ ዓመት ፈጀ፤ የሰው ሕይወትም አለፈበት።

6. አንድ ገጽ ጻፉ

ሁለት ገጽ አይሁን። የኮሚቴ አባል ጠረጴዛ ላይ ብዙ ወረቀት አለ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

"ጉዳዩ፦ በረቂቅ አዋጁ አንቀጽ __ ንዑስ አንቀጽ __ ላይ አስተያየት ስለማቅረብ።

እኛ በ__ ክልል፣ በ__ ወረዳ፣ በ__ ቀበሌ የምንገኝ የ__ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ነን። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ __። በእኛ አካባቢ ይህ ሲተገበር የሚሆነው __ ነው። በ__ ዓ.ም. ከ__ አባላት __ው ይህ ደርሶባቸዋል፤ ደረሰኝና መዝገብ አያይዘናል። አንቀጹ እንዲህ ተብሎ እንዲስተካከል እንጠይቃለን፦ __። ሚኒስቴሩ ለምክር ቤቱ እንዲመልስልን የምንፈልገው ጥያቄ፦ __?"

የመጨረሻዋን መስመር በፍጹም አትዝለሉ። አንድ የተዘጋጀ ጥያቄ ለተወካዩ ትልቅ ስጦታ ነው። ጥያቄዋ "አዎ ወይም አይደለም" ወይም ቀንና ቁጥር የምትፈልግ ትሁን። "ምን እየተሠራ ነው?" ብላችሁ አትጻፉ። "ለ__ ወረዳ የተመደበው ዳፕ ከዩኒየን መጋዘን የወጣው በየትኛው ቀን ነው?" በሉ።

ማኅተም ያለው ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ ስም ጻፉ። ስሙን መጥቀስ የሚያሰጋው ሰው አለ፤ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የቀበሌ ሰው ነገ ማዳበሪያ ሊጠይቅ የሚሄደው ያው ቢሮ ነው። ታሪኩን ያለስም ጻፉ፣ ደረሰኙ ላይ ያለውን ስም ሸፍናችሁ ኮፒ አድርጉ። አንድም ሰው በእናንተ ወረቀት ምክንያት አይጎዳ።

7. አስረክቡ፣ ቁጥር ተቀበሉ

መዝገብ ቤት አስገቡና ገቢ ቁጥርና ቀን በኮፒያችሁ ላይ አስመቱ። ይህ ከሌለ ወረቀቱ የለም ማለት ነው። በስልክ የተላከ ፎቶ ጥሩ ነው፣ ግን ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም።

አንዱን ኮፒ ለቋሚ ኮሚቴው፣ አንዱን ለምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ስጡ። ተወካዮች በምክር ቤቱ ዕረፍት ወደ ምርጫ ክልላቸው ይወርዳሉ፤ የመራጭ ተመራጭ መድረክ የሚባለው ያኔ ነው። ከመራጭ የተነሱ ጥያቄዎች ተጠቃለው ወደ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ይሄዳሉ። ማጠቃለያው ላይ ነው ሁሉም ነገር የሚሟሟው። ስለዚህ መድረኩ ላይ ብቻ ተናግራችሁ አትውጡ፤ ወረቀቱን በእጁ ስጡት። በፀጥታ ችግር ተወካዩ መምጣት ባልቻለበት አካባቢ ያላችሁ በዘመድም፣ በመምህርም ቢሆን አዲስ አበባ አድርሱት።

8. መድረኩ ላይ

ሁለት ደቂቃ አላችሁ ብላችሁ ተዘጋጁ። ምስጋናውን አሳጥሩት። አንቀጹን ጥሩ፣ አንድ ታሪክ ንገሩ፣ ጥያቄውን አንብቡ፣ ተቀመጡ። በአንድ ጉዳይ አምስት ሰው ከመጣችሁ አምስታችሁም አንድ ነገር አትድገሙ፤ ተከፋፈሉት።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። የጽሑፋችሁን ኮፒ ቃለ ጉባኤ ለሚይዘው ሰው ስጡት። በትህትና "አስተያየቴ እንዴት እንደተያዘ ቢነበብልኝ" በሉ። መጀመሪያ ቅር ሊላቸው ይችላል። ግን መብታችሁ ነው፣ ደግሞም ሥራቸውን ያቀልላቸዋል። አጎቴን ያን ቀን ይህን የመከረው ሰው አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር።

9. ከጸደቀ በኋላ

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ብዙ ሰው አለቀ ብሎ ይተዋል። ለእኔ ግማሹ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የወጣውን አዋጅ ከወረቀታችሁ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የጠየቃችሁት ገባ? ካልገባ የኮሚቴው ሪፖርት ምክንያቱን ይላል? ካልተባለ ለተወካያችሁ በሌላ አንድ ገጽ ጻፉ። ሚኒስትሩ የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ሲያቀርብ ኮሚቴው የሚጠይቀው እንዲህ ካለው ወረቀት ነው። ኮሚቴው ለመስክ ምልከታ ሲወጣም የት መሄድ እንዳለበት ይጠቁመዋል። በሩን ከፍታችሁ "እኛ ቀበሌ ኑ" ብላችሁ ጋብዙ። መጋዘኑንና መዝገቡን በዓይናቸው ይዩት። የተበላሸ የገንዘብ ወይም የንብረት አሠራር ከሆነ ደግሞ የዋና ኦዲተርን ግኝት የሚመረምረው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለ።

"ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል" የተባለውንም አትርሱ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበል ያዝዛል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ባለሙያውም ሁሉ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሚኒስቴሩን ገጽ ተከታተሉ፣ የመመሪያው ረቂቅ ሲወጣ ያቺኑ አንድ ገጽ አስተካክላችሁ እንደገና አስገቡ። ሳያወያይ የወጣ መመሪያ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ቀን ደግሞ ቢሮ ሄዳችሁ "መመሪያው አይፈቅድም" ትባላላችሁ። ያኔ ቁጣ አያስፈልግም። ቁጥሩን ጠይቁ፣ ፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገቡንም ጠይቁ፤ በአዋጁ መሠረት ያልተመዘገበና ለሕዝብ ያልወጣ የፌዴራል መመሪያ አይጸናም። የሚሰጧችሁን መልስ እዚያው ደብተሩ ላይ ከነቀኑ ጻፉት።